ኢላይ የተዋት ኳስ

በሆሊንሾው የሽመና ፋብሪካ ውስጥ ሰው በድምፅ አይነጋገርም ነበር። ስምንት መቶ የሽመና መኪና በአንድ ጣራ ሥር ሲንጓጓ ጆሮ ምን ይሰማል? እዚያ ያለ ሸማኔ ሁሉ፣ እንደ ሌሎቹ የላንካሸር አውራጃ ሸማኔዎች፣ የሚናገረው በከንፈሩ ነው። ቃሉን ሳያሰማ አፉን በደንብ እየከፈተና እየገጠመ ማዶ ላለው ጓደኛው ያሳየዋል፤ ማዶ ያለውም አይቶ ይመልስለታል። ሴቶቹ በዚህ ዓይነት ስንቱን ሰው አምተዋል! የማን ልጅ ከማን ጋር እንደታየች፣ የማን ባል ደመወዙን ጠጥቶ እንደገባ፣ ሁሉም ነገር ኮሽ ሳይል ከዳር እስከ ዳር ይደርስ ነበር።

ኤሞስ ሪግቢ እዚያ ቤት የገባው በአሥር ዓመቱ ነው። ኢላይ ሆይል ከእሱ ቀጥሎ ባሉት መኪኖች ላይ ይሠራ ነበር። ኤሞስ ቀጭን፣ ቅልጥመ ረጅም፣ አንድ ቦታ መቆም የማይችል ነበር። ኢላይ ደግሞ ትከሻው በር የሚሞላ፣ እጁ መጥበሻ የሚያህል፣ ንግግሩ ግን ጥቂት። በዚያ ወፍራም ጣቱ የተበጠሰ ድር ሲቀጥል ያየ ሁሉ ይገረም ነበር፤ ቋጠሮው በጥፍር እንኳ አይዳሰስም። ሁለቱ አብረው አደጉ። ኋላም ኢላይ የኤሞስን ታናሽ እህት ሄፕሲን አገባ።

ቅዳሜ ፋብሪካው በሰባት ሰዓት ሲዘጋ ከተማው የእንጨት ጫማውን እያንኳኳ ወደ ኳስ ሜዳ ይወርድ ነበር። ኢላይ በረኛ፣ ኤሞስ ከፊቱ ተከላካይ። ያን ጊዜ፣ አሮጊቷ ንግሥት ገና በሕይወት ሳሉ፣ ግቡ መረብ የለውም፤ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ ነው። በረኛን ደግሞ ኳስ ያዘም አልያዘም በትከሻ ገጭቶ መጣል የተፈቀደ ነበር። ኳሷ ወደ ግብ ስትመጣ ሁለት ሦስት አጥቂ እሷን ትቶ በረኛው ላይ ይከመርበታል። የኢላይ የጎድን አጥንት በዚህ ዓይነት ሁለት ጊዜ ተሰብሯል።

ስለዚህ ሁለቱ የፋብሪካቸውን ቋንቋ ሜዳ ይዘው ወጡ። ኢላይ በሰው ተከልሎ ኳሷን ሲያጣት የኤሞስን ፊት ይፈልጋል። ኤሞስ ዞር ብሎ በከንፈሩ ይነግረዋል። ኳሷ ወደ ውጭ የምትሄድ ከሆነ «ተዋት» ነው የሚለው። ኢላይም እጁን አውርዶ ወደ ጎን ዘወር ይላል፤ ሊጥሉት የሮጡትም እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ጭቃ ላይ ይዘረጋሉ። ሕዝቡ በሳቅ ይፈነዳል። በስድስት ዓመት ውስጥ ኤሞስ አንድ ቀን አልተሳሳተም። ኢላይም አንድ ቀን አልተጠራጠረም።

ኳስ ለመጫወት ደመወዝ መቀበል በደንብ ከተፈቀደ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ከኮረብታው ማዶ ያለው ብራክንዴል ሀብታም ከተማ ነው፤ ክለቡም ተጫዋች ከየቦታው ይለቅም ነበር። አንድ እሑድ የክለቡ ጸሐፊ ሚስተር ስኮልስ፣ ክብ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ የኤሞስ እናት ቤት ተቀመጠ። ያመጣው በሊጥ የተጋገረ የአሳማ ሥጋ ፓይ በወረቀት እንደተጠቀለለ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

«ከእንግዲህ ጥጥ አትውጥም፣ ልጄ» አለው። «ሥራህ ኳስ ነው። ጠዋት ትሮጣለህ፣ ከሰዓት ታርፋለህ።»

«ዝናብ ቢሆንስ፣ ጌታዬ?»

«ዝናብ ቢሆንማ ረጥበህ ትሮጣለህ!»

ኤሞስ ኢላይን ሲያማክረው ኢላይ ብዙ አላሰበም። «ሂድ» አለው። «አባትህ በሳል የሞተው እዚያው መኪናው ሥር አይደለም እንዴ? ሂድ።»

«አንተስ? ፊትህ ማን ይቆማል?»

«አንዱ ይቆማል። እንዳንተ ለፍላፊ እንዳይሆን ብቻ እጸልያለሁ።»

ኤሞስ ሄደ። በሁለተኛው ወር ለሄፕሲ፣ ነፍሰ ጡር ነበረችና፣ የልጅ ልብስ እንድትሰፋበት የስፌት መኪና ገዝቶ ላከላት። በክፍት ጋሪ ተጭኖ፣ ጥቁሩ ብረት በወርቅማ አበባ ተስሎ እያብለጨለጨ፣ ሰው ሁሉ ደጁ ላይ ቆሞ እያየው መንገዱን አቋርጦ ገባ። ጎረቤቷ «አቤት ሄፕሲ! ንግሥቲቱም ይህን ያህል የላቸው!» አለቻት። ሄፕሲ በኩራት ቀላች።

በዚያው ዓመት በመጋቢት ሆሊንሾውና ብራክንዴል ለአውራጃው ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ ደረሱ። የመጀመሪያው ጨዋታ እኩል ለእኩል አለቀ። ኤሞስ ያን ቀን እግሩ ታስሮ ዋለ፤ አባቱን የሚያውቁ ሰዎች «ከሃዲ! የሸጥከን በስንት ነው?» እያሉ ሲጮኹበት ኳስ ከሥሩ ሾልካ አንድ ጎል ገባች። ሰኞ ሚስተር ስኮልስ ጠራው።

«ሰዎቹ ለእህቱ ባል ራራ ይላሉ።»

«አልራራሁም፣ ጌታዬ።»

«ከራራህም ካልራራህም ለእኔ አንድ ነው። ቅዳሜ ድጋሚው አለ። ከተሸነፍን ወደ ሽመና መኪናህ ትመለሳለህ። እነሱ ደግሞ እንዴት አድርገው እንደሚቀበሉህ አንተ ታውቃለህ።»

ኤሞስ ያውቃል። ስምንት መቶ መኪና፣ በየመኪናው አንድ አፍ፣ አፉ ሁሉ ስለ እሱ ሲከፈትና ሲገጠም ታየው። ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደውም።

ቅዳሜ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ሜዳው የሁለቱም ያልሆነ ከተማ ነው፤ ሰው በሜዳው ዙሪያ የተወጠረውን ገመድ ሊበጥሰው ደርሷል። እስከ መጨረሻው አሥር ደቂቃ አንድ ለአንድ ነበሩ። ብራክንዴሎች የማዕዘን ምት አገኙና ኤሞስ እንደ ሌሎቹ ወደ ፊት ሄደ። ኳሷ ተመታች፣ ተመልሳ ወጣች፣ ከግርግሩ ውጭ ያለ አንድ የብራክንዴል ልጅ ዝቅ አድርጎ መታት። እርጥቡ ሣር ላይ እየተንሸራተተች በሰው እግር መካከል መጣች። ኤሞስ ከግቡ ጎን አሥር እርምጃ ያህል ላይ ቆሞ ሁሉን ያያል። ኳሷ ከቋሚው በስተ ውስጥ ነው የምትገባው፤ አንድ ስንዝር በስተ ውስጥ። ሁለት አጥቂዎች ኢላይን ሊጥሉ አንገታቸውን ደፍተው ይሮጣሉ። ኢላይ ደግሞ ኳሷን አጥቷታል። አንገቱን ወዲህ ወዲያ አለ። የራሱን ተከላካይ በዓይኑ አልፎት ሄደ። ዓይኑ ለስድስት ዓመት የለመደውን ፊት ፈለገ፣ አገኘውም። ማሊያው የብራክንዴል ሰማያዊ መሆኑን ለማሰብ ጊዜ አልነበረውም።

«ተዋት» አለው ኤሞስ በከንፈሩ።

ኢላይ እጁን አወረደ። ሳህን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ ምንም ሳይረበሽ። ወደ ጎንም ዘወር አለ። ኳሷ በአጠገቡ አለፈችና ከኋላው ባለው ገመድ ሥር ገብታ በአንድ ሽማግሌ የእንጨት ጫማ ላይ ቆመች።

በአንድ በኩል ባርኔጣ ወደ ሰማይ ተወረወረ፤ በሌላው በኩል ሰው ራሱን ያዘ። «አንቺ እጀ ሰባራ!» አለ አንድ ድምፅ። «እሷን እኮ አያቴ በቀሚሷ ትይዛት ነበር!» ኢላይ ኳሷን አያት። ከዚያ ኤሞስን አየው። ብዙ አላየውም፤ አንዲት ድር የምትቀጠልበትን ያህል ጊዜ ብቻ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ ቦታው ተመለሰ።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይባላል። ኤሞስ በባቡሩ ሲመለስ፣ ጓደኞቹ እየዘፈኑ ባርኔጣውን ሲቀባበሉበት፣ ወለምታ ነው ብሎ ለራሱ ነገረው። የስድስት ዓመት ልማድ ነው፤ የኢላይ ዓይን ሲመጣ አፌ ራሱ ተከፈተ፤ ሁለቱ አጥቂዎች የጎድን አጥንቱን እንዳይሰብሩት ነው። እንዲህ እያለ ቤቱ ደረሰ። ነገር ግን ልማድ ቢሆን ኖሮ እውነቱን ነበር የሚናገረው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያን ቃል ውሸት አድርጎት አያውቅም። ኳሷን አይቷታል። ስንዝሩን ለክቶታል። ወለምታ አልነበረም።

ብራክንዴል በፍጻሜው አራት ለባዶ ተሸነፈ። ዋንጫውን እንኳ በዓይናቸው አላዩትም።

በሆሊንሾው ያለው ወሬ ግን በሳምንቱ መልክ ያዘ። አንድ በረኛ እንዲያው ያለ ምክንያት እጁን አያወርድም። የማን የእህት ባል ነው? ያ የስፌት መኪና የመጣው ከየት ነው? ይኸው ዋጋው! ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ኢላይ በሩን ሲከፍት ክሩ ያለቀበት ባዶ በከራ ደጃፉ ላይ ያገኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ፣ ሌላ ቀን አምስት፤ የፋሲካ ዕለት ከረጢት ሙሉ። ልጆች ከኋላው እየሄዱ ልብስ እንደሚሰፋ ሰው እግራቸውን ያወዛውዙበታል። ክለቡ ሌላ በረኛ ያዘ። ፋብሪካ ውስጥ ማንም በከንፈሩ አላናገረውም፤ እሱን ሲያዩ አፋቸውን ይገጥሙ ነበር። በበጋው ከሸለቆው ግርጌ ባለ ሌላ ፋብሪካ ሥራ አገኘና ጠዋትና ማታ አምስት አምስት ማይል በእግሩ ይመላለስ ጀመር። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር። ከዚያ ወዲያ ኳስ አልነካም።

ለምን እጁን እንዳወረደ ሲጠይቁት «አመለጠችኝ» ይላል። ሌላ ቃል አልተናገረም።

ኤሞስ ለገና ሊጠይቃቸው ሲሄድ፣ ዱላ ይዞ ቢጠብቀው በወደደ ነበር። ኢላይ ግን በሩን ከፍቶ «ግባ፤ ብርድ ነው» አለው። የድንች ወጥ በሉ። ሕፃኗን አቀፋት። የስፌት መኪናው ጥግ ላይ በአንሶላ ተሸፍኖ፣ በላዩ የጸሎት ቤቱ መጽሔት ተደርድሮበት ነበር።

«አትሰፊበትም እንዴ?» አላት ሄፕሲን።

«መርፌው ተሰብሯል» አለችና ወደ ጓዳ ገባች።

መርፌ እገዛልሻለሁ ሊል አፉን ከፈተና የኢላይን ፊት አይቶ ተወው። ያን ዕለት ሊናገር ነበር የሄደው፤ ወጥ በልቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ሳይናገር ወጣ። በሚቀጥለው ገናም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት እየዘለለ፣ ኋላም ጭራሹን መሄዱን ተወ።

ተጨማሪ አምስት ዓመት ተጫወተ። ግብ ላይ መረብ ሲመጣ፣ በረኛውን መጋጨት እየተከለከለ ሲሄድ፣ ሜዳ ላይ ነበር። ጎበዝ ነው ይሉት ነበር፤ በሜዳ ላይ አፉን የማይከፍት ጨዋ ተከላካይ። አዲሱ በረኛቸው «ኤሞስ፣ እባክህ አንድ ነገር በለኝ እንጂ! ከኋላህ ሰው አለ!» እያለ ይነጫነጭበት ነበር። ኤሞስ አይዞርም። በመጨረሻ ግራ ጉልበቱ ሄደ። አሠልጣኙ ሁለት ክረምት በዘይት አሸው፤ አልተመለሰም። እንደ ብዙዎቹ የጊዜው ተጫዋቾች ብራክንዴል ውስጥ መጠጥ ቤት ያዘ።

መጠጥ ቤት የያዘ ተጫዋች ደግሞ ወሬ መሸጡ አይቀርም። «እስቲ የእህትህን ባል ነገር አውራን!» ይሉታል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኤሞስ እጁን እያወረደ ያሳያቸው ነበር፤ ሳህን ጠረጴዛ ላይ እንደማስቀመጥ። ይስቃሉ፣ ይቀዳላቸዋል። ይህን አድርጎ ወደ ጓዳ ሲገባ እጁን በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠብ ነበር። ኋላ ማሳየቱን ተወ፤ ሌሎች ግን በእሱ ፋንታ ያሳዩ ነበር፤ እሱም ብርጭቆ እየወለወለ ይሰማል።

ከዚያ ጨዋታ ወዲህ ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። አዲሱ ንጉሥ ዘውድ በጫኑበት ዓመት የሆሊንሾው ክለብ የቀድሞ ተጫዋቾቹን በጸሎት ቤቱ ትምህርት ክፍል ሻይ ጋበዘ። ኤሞስም ተጠራ፤ ዘመን ቂሙን አጥቦት ነበር። ኢላይ አልተጠራም፤ የእሱን አላጠበውም። የድሮው አምበል ሩበን ክሊግ ከላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከፊታቸው የድንች ፓይና ቀይ ሥር በኮምጣጤ። ከፓይው በኋላ አንዱ ተነሣና ባዶ በከራ ከኪሱ አውጥቶ «ለቀረው ወንድማችን!» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አንከባለለው። ሳቁ ጣራውን አነቃነቀው።

ኤሞስ ተነሣ። ጉልበቱ ስለማይታጠፍ ጠረጴዛውን ተደግፎ ነው የተነሣው።

«ያችን ኳስ እንዲተዋት ያደረግሁት እኔ ነኝ» አለ። «በከንፈሬ ‹ተዋት› አልኩት። ስትገባ እያየሁ። እሱ አመነኝ። ያ ነው ነገሩ። ምንም አልተቀበለም።»

ሩበን ክሊግ ጉሮሮውን ጠረገና «ይህ ነው ወንድም ማለት!» አለ። «ለእህቱ ቤት ሲል በራሱ ላይ ጭቃ ይለጥፋል!»

«እውነቴን ነው፣ ሩበን!»

«እኔ እኮ እዚያው ነበርኩ፤ ካንተ አምስት እርምጃ። አፍህ ሲከፈት አላየሁም።»

«ኳሷን ነበራ የምታየው!»

«የጠላት ማሊያ የለበሰ ሰው ተዋት ቢለው የሚተው በረኛ የት አገር አለ? ኢላይ ሕፃን ነው እንዴ?» ሌላው ከጥግ «ሄፕሲ ናት የላከችው!» አለ። አጨበጨቡለት። አንዱ ጀርባውን መታ መታ አደረገው። ለሃያ ሁለት ዓመት በሰው ደጅ የጣሉትን በከራ መልሶ መልቀም ለማንም አይቀልም፤ ስለዚህ ደግ ሰው አሉት፤ እሱም ደግነቱን ተሸክሞ ወጣ። በዚያ ሁሉ ዓመት ያን ጭብጨባ ያህል ያሳፈረው ነገር አልነበረም።

በማግስቱ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ ኢላይ ቤት ሄደ። ኢላይ ብቻውን ምድጃ አጠገብ ተቀምጦ የሰዓት ሰንሰለት ይጠግን ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፤ ጆሮውን የሽመና መኪናው ጨርሶታል።

ሸማኔ ከሸማኔ ጋር ነውና ኤሞስ በከንፈሩ ቢነግረው ይበቃ ነበር። ግን ከዚያች የድጋሚው ጨዋታ ቅዳሜ ወዲህ ያን ቋንቋ ተናግሮት አያውቅም፤ አሁንም ከንፈሩ አልታዘዝ አለው። ስለዚህ ጮኸ።

«ትናንት ነገርኳቸው!»

«ምኑን?»

«ተዋት ያልኩህን! ኳሷ እንደምትገባ እያየሁ መዋሸቴን!»

ኢላይ ሰንሰለቱን አስቀመጠ። «ቀስ በል» አለው፤ ወደ ጓዳው አየ። «እኔ አውቀዋለሁ። በዚያች ሰዓት ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ማን ያምነኛል? ደግሞ እሷ አንድ ወንድም ነው ያላት። እርጉዝ ነበረች። ከከተማው ጋር ተጣልታ ካንተም ጋር ትጣላ?»

የጓዳው በር ተከፍቶ ሄፕሲ ቆማ ነበር። እጇ ላይ የድንች ልጣጭ ተለጥፏል። ወንድሟን አላየችውም።

«ጠይቄህ ነበር» አለችው ባሏን። ድምፅ ማውጣቱን ረስታ ከንፈሯን ብቻ ነበር የምታንቀሳቅሰው፤ ኢላይ ግን እያነበባት ነው፣ ኤሞስም ያነባታል። «ሕፃኗ በተወለደች ሰሞን። ጨዋታውን ሸጥኸው ወይ ብዬ።»

«አልሸጥኩም አልኩሽ።»

«አላመንኩህም።»

«አውቃለሁ» አለ ኢላይ።

«ሃያ ሁለት ዓመት አብሬህ እየተኛሁ።»

«ሄፕሲ፣ ተቀመጪ። ልጣጩ ይወድቃል።»

እሷ አልተቀመጠችም። ኤሞስ ስሟን ጠራ። ያን ጊዜ ዞር ብላ በድምፅ ተናገረችው፤ ድምፅዋ ሻካራ ነበር። «አንተ ነግረህ ተገላገልክ» አለችው። «እኛ ገና መጀመራችን ነው። ሂድልኝ።»

ሄደ። መጠጥ ቤቱ ውስጥ ያን ወሬ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እውነቱን ይነግረው ነበር፤ ለእያንዳንዱ፣ ከአንደኛው ቃል እስከ መጨረሻው። ሰዎቹ ሰምተው ይስቁና «ሸማኔ ሲባል ልቡ ሩኅሩኅ ነው» ይላሉ። አንድም ሰው አላመነውም። እህቱም ደብዳቤ አልጻፈችለትም።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኢላይ በደረቱ ሕመም ሞተ። ኤሞስ መርዶውን የሰማው ከዳቦ ጋጋሪው ነው። ጥቁር ኮቱን ለብሶ ሲደርስ የድሮው ቡድን ሰዎች፣ ሩበን ክሊግና ሦስት ሌሎች፣ ባርኔጣቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆመው ነበር። ሬሳ ሣጥኑን ሊይዙ መጥተዋል። ሄፕሲ በሩ ላይ ወጣች።

«ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ» አለች። «እናንተ ግን አትነኩትም።»

ከግርጌው ፋብሪካ የመጡ የሥራ ጓደኞቹ አምስት ነበሩ። ስድስተኛ ያስፈልጋል። ኤሞስ ቃሉ ለእሱም መስሎት ወደ ግድግዳው አፈገፈገ። ሄፕሲ ዓይኗን እየጠረገች ፈለገችውና በእጇ የኋላውን ማዕዘን አሳየችው።

«አንተ ያዝ» አለችው። «ከባድ ነው። ደረጃው ያዳልጣል።»

ኤሞስ ትከሻውን ከሣጥኑ ሥር አስገባ። መካነ መቃብሩ ኮረብታው አናት ላይ ነው፤ መንገዱ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት ቁልቁለትና ዳገት። ጉልበቱ በየእርምጃው ይጮህ ነበር። ሁለት ጊዜ ሰዎቹ ሊተኩት ሞከሩ፤ ራሱን ነቀነቀ። ሄፕሲ ከኋላው፣ ከማንም በላይ ቀርባ ትሄድ ነበር፤ ትንፋሿ ጀርባው ላይ ይሰማዋል። ይቅር ብላው ይሁን ወይስ ክብደቱን እንዲያውቀው፣ ሊጠይቃት አልደፈረም። ያዘ።